ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በምንኖር ሐበሾች ቤት በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ልጁ ሃይስኩል ጨርሷል፤ ወይም ቤተሰቡ በዲቪ ከመጣ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይግባ ወይስ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ? ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከገባስ መቼ ይዛወር? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ ይዘጋል። "ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ርካሽ ነው፣ ሁለት ዓመት ተማርና ትራንስፈር ታደርጋለህ" ይባላል።

ዋጋው እውነት ነው። ኖቫ ወይም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሙሉ ጊዜ ለሚማር የአካባቢው ነዋሪ የዓመቱ ክፍያ ከ5,000 እስከ 7,000 ዶላር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ወይም ጆርጅ ሜሰን ለስቴቱ ነዋሪ ከ11,000 እስከ 15,000 ዶላር ያህል ይጠይቃል፤ ያውም ቤትና ምግብ ሳይጨመር። ነገር ግን ቁጠባው የሚኖረው ሁለቱ ዓመት ሁለት ዓመት ሆነው ሲቆጠሩ ነው። ኮሌጁ ሦስት ዓመት ከፈጀ፣ ዩኒቨርሲቲው ላይ ደግሞ ሌላ ሦስት ከተጨመረ፣ ተቆጠበ የተባለው ገንዘብ ተመልሶ ይወጣል።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኮሚኒቲ ኮሌጅ ጥናት ማዕከልና አስፐን ኢንስቲትዩት በ2024 ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ በመላው አሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩ ተማሪዎች ወደ አራት ዓመት ተቋም የሚዛወሩት ሲሶው ያህል ብቻ ናቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለር የሚይዙት ደግሞ 16 ከመቶ ገደማ ናቸው። ይህን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። ከሚዛወሩት ግማሽ ያህሉ ያጠናቅቃሉና መንገዱ ያደርሳል። ግን ዝም ብሎ የሚያደርስ መንገድ አይደለም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በዚህ አካባቢ ለሚኖር አብዛኛው ቤተሰብ የሚሻለው፣ በሚኖርበት ስቴት ውስጥ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ጨርሶ፣ ኮሌጁ የዝውውር ስምምነት ወዳለው ዩኒቨርሲቲ መሄድ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ የሚሠራው ግን ሜጀሩ (ዋናው የትምህርት ዘርፍ) እና መድረሻው ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከታወቁ ነው። ወደኋላ የሚጎትቱትን ሁኔታዎች እያነሳሁ እሄዳለሁ።

ክሬዲት መቀበልና ክሬዲት መቆጠር

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥታችሁ እንድታነቡት የምፈልገው ይህን ክፍል ነው።

ባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። የሁለት ዓመቱ አሶሼት ዲግሪ 60 ገደማ ነው። ሒሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ። የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ግን ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ የሚዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 ከመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን ያጣሉ ብሎ ገምቷል። ሪፖርቱ ከግል ኮሌጆች የሚዛወሩትንም ስለሚጨምር ስምምነት ባለው መንገድ የሚሄድ ተማሪ ይህን ያህል አያጣም። ያም ሆኖ ቁጥሩ ያስደነግጣል።

በዚህ ቁጥር ውስጥ የማይታይ ሌላ ኪሳራም አለ። ዩኒቨርሲቲው 60ውንም ክሬዲት ተቀብያለሁ ብሎ ይጽፋል፤ ተማሪው ደስ ይለዋል። ከ60ው ውስጥ 25ቱ ግን "ኢሌክቲቭ" ተብለው ገብተዋል። ማለትም ወረቀቱ ላይ አሉ፣ ሜጀሩ የሚጠይቀውን ኮርስ ግን አይተኩም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ልጆች ኖቫ ተምረው 60 ክሬዲት ይዘው ጆርጅ ሜሰን ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ለመግባት ያመለክታሉ። አንደኛው ጄኔራል ስተዲስ ነበር፤ ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ የቢዝነስ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ ወስዷል፤ ውጤቱም ጥሩ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልኩለስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንና በካልኩለስ ላይ የተመሠረተ ፊዚክስ ወስዷል። ሁለቱም "ጁኒየር"፣ ማለትም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ይባላሉ። የመጀመሪያው ልጅ ግን ካልኩለስ አንድ ላይ ነው የሚጀምረው። እነዚህ ኮርሶች አንዱ ሌላውን ካላስቀደመ አይወሰዱም፤ በአንድ ሴሚስተር ደርቦ መውሰድ አይቻልም። የሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ኮርሶች ደግሞ እነሱን ነው የሚጠብቁት። ስለዚህ ሁለት ዓመት ቀርቶታል ብለው ቤተሰቦቹ ሲጠብቁ የሚቀረው ከሦስት በላይ ነው። ያባከነው የለም፣ ሰነፍም አልነበረም። ማንም ቅደም ተከተሉን አላሳየውም፤ በቃ።

ስለዚህ አድቫይዘር ፊት ስትቀመጡ "ክሬዲቴን ይቀበላሉ?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው ማለት ይቻላል። "ይህ ኮርስ በዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚህ ሜጀር፣ የትኛውን ኮርስ ይተካልኛል?" በሉ። ከቻላችሁ ጥያቄውን ለሁለት ሰው አቅርቡ፤ ለኮሌጁ አድቫይዘርና ለምትሄዱበት ዩኒቨርሲቲ የትራንስፈር አድቫይዘር። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ተቀባዩ ነውና የሁለተኛው ቃል ይበልጣል። መልሱን በኢሜይል አስጽፉት። በሜሪላንድ "አርትሲስ"፣ በቨርጂኒያ "ትራንስፈር ቨርጂኒያ" የሚባሉ የስቴቶቹ ድረ ገጾች አሉ፤ የኮሌጁን ኮርስ ስታስገቡ በዩኒቨርሲቲው የትኛው ኮርስ እንደሚተካ ያሳያሉ። ለመመዝገብ ከመወሰናችሁ በፊት ነው የሚታዩት።

የዲግሪውን ዓይነትም እዩ። አሶሼት ኦፍ አርትስና አሶሼት ኦፍ ሳይንስ ለመዛወር የተሠሩ ናቸው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ግን በቀጥታ ወደ ሥራ ለመግባት የተሠራ ነው፤ ልዩ ስምምነት ከሌለ ብዙው ክሬዲት ሜዳ ላይ ይቀራል። ስማቸው ስለሚቀራረብ ሰው ይምታታበታል።

ቨርጂኒያ ወይስ ሜሪላንድ?

በቨርጂኒያ 23ቱ ኮሚኒቲ ኮሌጆች በአንድ ሥርዓት ሥር ናቸው። ኖቫ ከመካከላቸው ትልቁ ነው። ጥቅሙ ስምምነቶቹ ግልጽ መሆናቸው ነው። "ጋራንቲድ አድሚሽን" የሚባለው ስምምነት የተጻፈውን ካሟላችሁ ቦታችሁ የተጠበቀ ነው ይላል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ ለአርትስ ኤንድ ሳይንስስ ኮሌጁ 3.4 ጂፒኤ ይጠይቃል፤ ዊሊያም ኤንድ ሜሪ ደግሞ 3.6። በሃይስኩል ውጤት ብቻ ወደ እነዚህ ትምህርት ቤቶች መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ይረዳል። እዚህ አገር ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ እንግሊዝኛው ገና እየተስተካከለ ያለ ጎበዝ ልጅ ካላችሁ፣ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም።

ወደ ጆርጅ ሜሰን ለሚሄድ "አድቫንስ" የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በ2018 የተጀመረ ነው። ኖቫ እያላችሁ ከመጀመሪያው የሜሰን መንገዳችሁ ኮርስ በኮርስ ተጽፎ ይሰጣችኋል፣ የሚከታተላችሁ አማካሪ ይመደባል፣ ሲጨርሱም እንደ አዲስ ማመልከት የለም። ከላይ ያነሳሁትን የኢሌክቲቭ ችግር በደንብ የሚያቃልል አሠራር ስለሆነ፣ መድረሻችሁ ሜሰን ከሆነ ሳትገቡበት አትጀምሩ ባይ ነኝ።

ዋስትናው ግን ወሰን አለው። ስምምነቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው መግባትን እንጂ ወደምትፈልጉት ሜጀር መግባትን ሁልጊዜ አያረጋግጥም። ቀነ ገደብም አለው፤ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ ለበልጉ ሳይሆን ለመጸው ሴሚስተር የሚዛወሩትን እስከ ማርች 1 ነው የሚቀበለው። ከሲ በታች የሆነ ውጤት በአብዛኛው አይዛወርም።

ሜሪላንድ ሌላ ጠባይ አለው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሮክቪል፣ በጀርመንታውንና በታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ስላለው ለአብዛኛው ሐበሻ ቅርብ ነው። ወደ ኮሌጅ ፓርክ፣ ማለትም ወደ ዋናው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ለመሄድ ያሰበ ገና ኮሚኒቲ ኮሌጅ እያለ ከዩኒቨርሲቲው አድቫይዘር ጋር ቢገናኝ ይጠቅመዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ኮምፒውተር ሳይንስን፣ ኢንጂነሪንግንና ቢዝነስን ቦታቸው የተወሰነ ሜጀሮች አድርጎ ነው የያዛቸው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏችሁ ሜጀሩ ላይቀበላችሁ ይችላል። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልግ ልጅ ከኮሌጅ ፓርክ ጎን ዩኤምቢሲና ታውሰን የሚባሉትን የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ማመልከቻው ውስጥ ቢያስገባ ብልህነት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ አማራጭ ደግሞ ሮክቪል ያለው ዩኒቨርሲቲስ አት ሼዲ ግሮቭ ነው። ዘጠኝ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ትምህርታቸውን እዚያ ይሰጣሉ። ዲግሪው የሚወጣው በዩኒቨርሲቲው በራሱ ስም ነው። ለምሳሌ የባልቲሞሩ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ የነርሲንግ ትምህርት ቤት እዚያ ያስተምራል። ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚማር፣ ትንንሽ ልጆች ላሏት እናት፣ ከቤተሰብ ጋር እየኖረ የቤት ኪራይ ለሚያግዝ ወጣት ይህን አስቀድማለሁ። የግቢ ሕይወት የሚፈልግ ልጅ ግን እዚያ አያገኘውም፤ የሜጀሩ ዓይነትም የተወሰነ ነው።

የትኛው ስቴት ይሻላል ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ አሁን የምትኖሩበት። ለሌላ ስቴት ነዋሪ ክፍያው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። ነዋሪ ለመባል ሁለቱም ስቴቶች ለዩኒቨርሲቲ አሥራ ሁለት ወር ይጠይቃሉ፤ ለሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሦስት ወር በቂ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ ይጎዳል። የሲልቨር ስፕሪንግ ኪራይ ከበደ ተብሎ ልጁ ሊዛወር አንድ ዓመት ሲቀረው ወደ ውድብሪጅ ወይም ወደ አሌክሳንድሪያ ይገባል። በኪራይ በወር ጥቂት መቶ ዶላር ይተርፍ ይሆናል። ልጁ ግን የሜሪላንድ ነዋሪነቱን ያጣል፣ የቨርጂኒያውን ገና አልያዘም፣ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ብሎ የወሰዳቸው ኮርሶችም ለሌላ ስቴት የተመረጡ አልነበሩም። ቤት ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ሥሩ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ወይስ ጨርሶ?

ጨርሱ እላለሁ። በቨርጂኒያ ዋስትና የሚሰጡት አብዛኞቹ ስምምነቶች የተጠናቀቀ ዲግሪ ይጠይቃሉ፤ ስቴቱ ለተዛዋሪዎች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ ኑሮ አለ። አባት ይታመማል፣ ሥራ ይጠፋል፣ ልጅ ይወለዳል። ዩኒቨርሲቲ መሀል ላይ ቢቋረጥ እንኳ አሶሼት ዲግሪ የያዘ ሰው እጁ ባዶ አይሆንም።

በአንድ ሁኔታ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሜጀራችሁ በሁለተኛው ዓመት የሚጠይቃቸውን ኮርሶች ኮሌጃችሁ የማይሰጥ ከሆነ፣ እዚያ መቆየት ክሬዲት መሰብሰብ ብቻ ይሆናል። አንዳንድ የኢንጂነሪንግ ዘርፎች፣ አርክቴክቸርና የኪነ ጥበብ ትምህርቶች እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ በ30 ክሬዲት መሻገር ያዋጣል። ከ30 በታች ከሆነ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሃይስኩል ትራንስክሪፕትም ይፈልጋሉ።

በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚሻለው ለማን ነው?

ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብና በጣም ጎበዝ ልጅ ካላችሁ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅን በዋጋው ብቻ አትምረጡ። ትልልቆቹ ስኮላርሺፖች ለጀማሪ ተማሪ የተያዙ ናቸው። የኮሌጅ ፓርኩ ባኔከር/ኪ ስኮላርሺፕ ከሃይስኩል በቀጥታ ለሚገባ ነው፤ ተዛዋሪ አያገኘውም። ጆርጅታውንና ጆንስ ሆፕኪንስን የመሳሰሉ ሀብታም የግል ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የተቀበሉትን ተማሪ የገንዘብ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ቃል ይገባሉ። ማይክል ብሉምበርግ ለሆፕኪንስ በ2018 የ1.8 ቢሊዮን ዶላር ስጦታ ያደረገው ለዚሁ ነበር። የዋጋ ዝርዝራቸው ያስደነግጣል፤ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ የሚደርሰው ክፍያ ግን ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ አመልክቱ፤ የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤው ሲመጣ ከኖቫው ጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። የልጁ ውጤት መካከለኛ ከሆነና የሚመጣው አብዛኛው ድጋፍ ብድር ከሆነ ግን ኮሚኒቲ ኮሌጁ ያሸንፋል።

በኮሚኒቲ ኮሌጅ አልፎ ለሚሄድ ጎበዝም በር አልተዘጋም። የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተዛዋሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል። ውድድሩ ከባድ ነው፤ ቢሆንም የእኛ ልጆች ስላልሰሙ ብቻ መቅረት የለባቸውም።

"ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው የገባው" ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ወላጆች አሉ። በመጨረሻ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዲግሪ የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ ነው የሚይዘው። ልጃችሁ በሰው ወሬ ተገፍቶ የ80,000 ዶላር ብድር ውስጥ እንዳይገባ እለምናችኋለሁ።

ነርሲንግ

ነርሲንግ የእኛ ሰው በብዛት የሚመርጠው ሙያ ስለሆነ ለብቻው አነሳዋለሁ። ኖቫ በስፕሪንግፊልድ የሕክምና ካምፓሱ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ነርሲንግ አፕላይድ ሳይንስ ነው። ከላይ ተጠንቀቁ ያልኩት ዓይነት ማለት ነው፤ እዚህ ግን ስሌቱ ይለያል። የሁለት ዓመቱን የጨረሰም የአራት ዓመቱን የጨረሰም የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነው፤ ኤንክሌክስ። ካለፉ ሁለቱም አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ናቸው። ከዚያ እየሠራችሁ፣ ብዙ ጊዜም በአሠሪያችሁ ድጋፍ፣ ከአርኤን ወደ ቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር) የሚወስደውን ፕሮግራም በኦንላይን ትጨርሳላችሁ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢኤስኤን ያለውን ያስቀድማሉና መጨረሱ ግድ ነው። ቶሎ ገቢ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ መንገድ ይሻላል። የሚያዘገየው መግቢያው ነው፤ የነርሲንግ ቦታ ጥቂት ስለሆነ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን የመሰሉ ቅድመ ኮርሶች ላይ ቢ ይዞ መወዳደር ይከብዳል።

ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ

ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል ድጋፍ) በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ሙሉ ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍ ይተርፋል። ግን በሕይወት ዘመን የተፈቀደው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ብቻ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያሳለፋችሁት ጊዜም ይቆጠራል። ሜጀር እየቀያየረ አራት ዓመት ኮሌጅ የቆየ ልጅ፣ ክፍያው ውድ ወደሆነበት ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የቀረው የሁለት ዓመት ፔል ነው። ከየትኛው ክፍል እንደምትጀምሩ የሚወስነውን የመግቢያ ፈተናም አቅልላችሁ አትዩት። ሳይዘጋጁ ገብተው ታች ካሉት የእንግሊዝኛ ለውጭ ተናጋሪዎች ክፍሎች የሚጀምሩ ብዙ ናቸው፤ እነዚያ ክሬዲቶች በአብዛኛው ለባችለር አይቆጠሩም።

ከኢትዮጵያ ባችለር ይዞ የመጣ ሰው ፔል አያገኝም፤ የውጭ አገር ዲግሪም ቢሆን እንደ ዲግሪ ይቆጠራል። የፌዴራል ብድር ግን መውሰድ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዜሮ ኮሚኒቲ ኮሌጅ መጀመር የመጨረሻው አማራጭ ነው። መጀመሪያ እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ ድርጅት ዲግሪውን ያስገምግም፤ በቀጥታ ማስተርስ መግባት ይችል ይሆናል። ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ የመጣም ትራንስክሪፕቱን ኮርስ በኮርስ ያስገምግምና ውጤቱን ለመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ያሳይ። ኮሚኒቲ ኮሌጁ የተቀበለው ክሬዲት ዩኒቨርሲቲውን አያስገድድም።

ግሪን ካርድ ያለው የፌዴራል ድጋፍ ማመልከት ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በሂደት ላይ ያለ ግን አይችልም፤ የስቴትና የኮሌጅ ድጋፎችን ይጠይቅ። በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር ደግሞ ከመዛወሩ በፊት የሴቪስ (መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚከታተልበት ሥርዓት) ፋይሉን በዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ በኩል ያስተላልፍ፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ስለተቀበለው ብቻ ፋይሉ አብሮት አይሄድም።

ክሬዲታችሁ ውድቅ ቢደረግ

የመጀመሪያው ግምገማ የመጨረሻ አይደለም። በሜሪላንድ በ2021 የወጣ ሕግ፣ ክሬዲት የማይቀበል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምክንያቱን ለተማሪውና ለላኪው ኮሌጅ እንዲገልጽ ያስገድዳል። በቨርጂኒያም ይግባኝ ማለት ይቻላል። የሚያስፈልጋችሁ ማስረጃ የኮርሱ ሲላበስ ነው፤ በየሳምንቱ ምን እንደተማራችሁ፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደተጠቀማችሁ የሚያሳየው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ይግባኙን ለአድሚሽን ቢሮ ሳይሆን ኮርሱ ለሚመለከተው ዲፓርትመንት ነው የምታቀርቡት፤ የሒሳብ ኮርስ ከሆነ ለሒሳብ ዲፓርትመንት። ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት አቅርቡት፤ አለበለዚያ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያንኑ ኮርስ ደግማችሁ ትመዘገባላችሁ።